ቡሬ ላይ የተቀበልኩት ካፖርት

ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ነው። ከሰኞ ጀምሮ እዚያው ነው። አልሰቀልኩትም፣ አላጠብኩትም፣ ለልብስ ሰፊም አልወሰድኩትም። ያመጣችልኝን ልጅ አላውቃትም፤ ሊበን ውስጥ ከልጄ ከዳዊት ጋር አንድ ትምህርት ቤት እንደምታስተምር ነገረችኝ። ገሚሱን በእግሯ፣ ገሚሱን በጋሪ፣ የቀረውን እህል በጫነ መኪና መጥታ ፍኖተ ሰላም የገባችው በሦስተኛው ቀን ነው። በራፌ ላይ ቆማ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ በፌስታል የተጠቀለለውን ጃኬት ሰጠችኝና "ዳዊት ደህና ነው እማማ። ዚፑ ተበላሽቶበት ነው፤ እዚያ የሚሠራ ስለጠፋ እናቴ ታሠራልኝ ብሎ ነው" አለችኝ። ግቢ፣ እህል ቅመሽ ብላት "እናቴ ትጠብቀኛለች" ብላ ወደ ጂጋ መንገዷን ቀጠለች። ስልክ ከጠፋ ወር ሊሞላው ነው። መንገዱም ዛሬ ሲከፈት ነገ ሲዘጋ ከርሟል። ማን ዘጋው፣ ማን ከፈተው አትበሉኝ፤ እኔ የማውቀው መንገድ ሲዘጋ እናት በር ላይ እንደምትቀመጥ ብቻ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን "ደህና ነው" ሲባል ተመስገን ብሎ ዚፑን ያሠራ ነበር። እኔ ግን ይህችን ቃል ይዤ በክረምት፣ ብቻዬን፣ በሞተር ሳይክል፣ አንዴም ሁለቴም የጎጃምን ጭቃ አቋርጫለሁ። ቃሏን ከውስጥም ከውጭም አውቃታለሁ። ፌስታሉን ስፈታው የእርጥብ ልብስ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ ያ ሽታ እጄን ይዞ ቡሬ ወሰደኝ። ከዚያ ወዲህ አልተመለስኩም።

ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ቦላሌ ሱሪ እለብሳለሁ፣ ጸጉሬን አፍሮ አበጥራለሁ፤ ሥራዬ ደግሞ የገጠር ሴቶችን ስለ ጓሮ አትክልትና ጭስ ስለሚቀንስ ምድጃ ማስተማር ነበር። ወጥ ሠርቼ የማላውቅ የከተማ ልጅ፣ ሰባት ስምንት ልጅ ያሳደጉ ሴቶችን ስለ ምድጃ ሳስተምር ፈገግ እያሉ ይሰሙኝ ነበር፤ እግዜር ይስጣቸው። መሥሪያ ቤቴ አንድ ቀይ ሞተር ሳይክል ሰጠኝ። ዶቅዶቄ ነበር የምንለው። ሴት ልጅ ዶቅዶቄ ላይ እንደ ወንድ ተፈናጣ ስትሄድ ያላየ አገር ስለነበረ ባለፍኩበት ሁሉ ሥራ ይቆማል። ማንኩሳ ገበያ ላይ አንድ ሽማግሌ ሞተሩን ዞር ዞር ብለው አዩና "ልጄ፣ ይች በቅሎሽ ትራገጣለች?" አሉኝ። "ስትጠማ ብቻ" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው "እንግዲያ ከባልም ትሻላለች" ብለውኝ ሄዱ። እውነትም ሳትሻል አልቀረችም፤ ባል ያገባሁት ቆይቼ ስለሆነ ማወዳደር እችላለሁ።

ያኔ ፍኖተ ሰላም እንደዛሬው በባጃጅ አልተወረረችም ነበር። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከደብረ ማርቆስ የሚመጣው አውቶቡስ ሲገባ የሚቀበለው ዘመድ ያለውም የሌለውም ይወጣ ነበር። አውቶቡሱ የሚቆምበት ጥግ ላይ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአሥር ሳንቲም። ባለቤትዋ ሬዲዮኑን ጥልፍ ልብስ አልብሳ መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ዘፈን የሚመጣበትን ሰዓት በቃሏ ታውቃለች፣ የምትወደው ዘፈን ሲመጣ ሻይ መቅዳት ታቆማለች። ደንበኛ "ኧረ ሻዩ!" ቢል "ዘፈኑ ይለቅ" ነው መልሷ። አሁን በዚያ ጥግ ላይ ፎቅ ቆሟል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ግን ፓስቲው ይሸተኛል፤ እርጅና ነው መሰለኝ።

በክረምት ሰው አይንቀሳቀስም ነበር። ሠርግ ለጥር ይቀጠራል፣ ክርክር ለጥቅምት፣ ዘመድ ጥየቃ ለመስቀል። ወንዙ ሞልቶ፣ ጭቃው ጉልበት ውጦ፣ ሁሉም ከየቤቱ ይከታል። በክረምት ወንዝ ተሻግሮ ሰው ቤት የሚመጣ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም መርዶ ነው። አለቃዬ ግን በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የክረምት አትክልት ሪፖርት ፈለገ። "ዝናብ ነው" ስለው "ሞተር ተሰጥቶሽ የለም?" አለኝ። ይሄው ነው፤ በፍልሰታ ጾም ውስጥ፣ አንድ ጠዋት፣ ሻዬን ጠጥቼ፣ የሞተሬን ትርፍ ካንዴላና መፍቻ በሻንጣ ይዤ፣ ላስቲክ ደርቤ ተነሣሁ። ማንኩሳ ስደርስ ዝናቡ ያዘኝ። አንድ ሱቅ ጣራ ሥር ቆሜ እሸት በቆሎ ስግጥ፣ ባለሱቁ "ወይዘሪት፣ ማን ሞቶብሽ ነው በዚህ ዝናብ?" አለኝ። እኔ ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ይርጋን ያገኘሁት ቡሬ ላይ፣ በማግስቱ ጠዋት፣ ነዳጅ ስቀዳ ነው። ልጁን አውቀዋለሁ። ከቡሬ በስተደቡብ ዝግባ ማርያም የምትባል ደብር አለች፤ በበጋው እናቱ ጓሮ ውስጥ ነበር ጥቅል ጎመን ማፍላት ያስተማርኩት። እናቱ እትየ የሻረግ ረጅም፣ ቀጭን፣ ምላሳቸው እንደ ምላጭ የሆነ ሴት ነበሩ። ጥቅል ጎመኑን አገላብጠው አይተው "ይሄን ከለመድን በኋላ ድርቆሽም ታበይናለሽ?" ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ ግን ከአገሩ ሁሉ ቀድመው የተከሉትም እሳቸው ናቸው። ይርጋ አንድ ልጃቸው ነው። ያን ቀን አዲስ ካኪ ለብሷል፣ የጎማ ቦት ተጫምቷል፣ አረንጓዴ የዝናብ ልብስ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። "መንገድ ሥራ ተቀጠርሁ!" አለኝ፤ ጥርሱ አልከደን ብሎ። በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ኩች እንደሚወርዱ፣ ከዚያም አባይን እንደሚሻገሩ ነገረኝ። ወደ አገሩ እንደምሄድ ሲሰማ እየሮጠ ሄዶ ካፖርቱን ይዞልኝ መጣ።

ያን ካፖርት የማያውቅ የዝግባ ማርያም ሰው የለም። ቡኒ፣ ወፍራም፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ። እናቱ በርበሬ በደህና በተሸጠ ዓመት ቡሬ ገበያ የገዙለት ነው። አንዱ ቁልፉ ቢጠፋ ቡኒ አጥተው ቀይ ቁልፍ ተከሉበት፤ ቀዩዋ ቁልፍ ከሩቅ ትታያለች። "ላባባ ስጭልኝ" አለ ይርጋ። "እሱ የሣር ጌሳ ለብሶ ነው በዝናብ የሚያርስ። እኔ ይሄው መሥሪያ ቤት ሰጥቶኛል፣ እንግዲህ አያስፈልገኝም። ደህና ነው በይልኝ። ለመስቀል ይመጣል በይ።"

"ሁለት መስመር ጻፍላቸው" አልኩት።

"ማን ያነበዋል? አንች አፍ የለሽም?" ብሎ ሳቀብኝ።

አብሬው ሳቅሁ። ያቺን ሁለት መስመር አስገድጄ ባስጽፈው ኖሮ እያልኩ ስንት ዓመት እንዳለቀስኩ እግዜር ይወቀው።

ከዋናው መንገድ ስገነጠል ዝናቡ እንደገና ወረደ። የሰው አደራ ነውና ካፖርቱ እንዳይረጥብ የራሴን ላስቲክ አውልቄ ጠቅልዬ ከኋላ አሰርኩት። እኔ ራሴ ለመራስ ችግር የለብኝም፤ ለአፍሮዬ ግን ሳሳሁና ከሻንጣዬ ያገኘሁትን ሻሽ አሠርኩ። ጥቁር ነበር። ሁለት ቦታ ወደቅኩ። ነፋሱና ጠብታው ዓይኔን እየገረፈው አብጦ ቀላ። ከዝግባ ማርያም በታች ያለችው ወንዝ ሞልታ ስለነበር እስክትጎድል ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ፤ ስትጎድልልኝ ሞተሬን እየገፋሁ ተሻገርኩ። ማዶ ስወጣ ሞተሩ ውሃ ገብቶበት አልነሣ አለ። ካንዴላውን ፈትቼ በሱሪዬ ጫፍ ብጠርገው፣ ብነፋው፣ በትርፉ ብቀይረው፣ ሞተሩን በእግሬ ብመታው፣ ምንም። ስለዚህ ዳገቱን ሞተሬን እየገፋሁ፣ ድምፅ ሳላሰማ፣ አንገቴን ደፍቼ እትየ የሻረግ ደጃፍ ደረስኩ።

በራቸው ላይ ቆመው ነበር። እኔን አዩ፤ ጥቁሩን ሻሽ አዩ፤ ያበጡ ዓይኖቼን አዩ። ከኋላ የታሰረውን አዩ። እንደ ወትሮው አልተረቡኝም።

"ልጄን አየሽው?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"አየሁት እትየ። ደህና ነው።"

"አሞት ነበር?"

"ኧረ ምንም አላመመው። ሥራ አግኝቶ ነው። ሩቅ ነው የሚሄደው፣ አባይ ማዶ።"

"ሩቅ" አሉ። "ያ የያዝሽውስ?"

"ካፖርቱ ነው። ለአባቱ ስጭ ብሎኝ ነው፤ እሱ እንግዲህ..." አልኩና አቆምኩ። ላስቲኩን ፈትቼ ካፖርቱን አወጣሁ። ከእግሬ እስከ ራሴ ውሃ የማንጠባጥበው እኔ፣ ደረቁን ካፖርት በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። ቀዩዋ ቁልፍ ታየች።

ለዛሬ ልጆች ልንገራችሁ፤ እናንተ መርዶ በስልክ ነው የምትረዱት። በእኛ አገር ማንም ሰው መጥቶ "ልጅሽ ሞተ" አይልም። "ትንሽ አሞት ነበር፣ አሁን ደህና ነው" ይባላል። ቤተሰቡ ሳይነገረው ይሰነብታል፣ ጎረቤት በስውር ይሰማል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ቄሱና ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አድርገው በሩን ያንኳኳሉ። ሬሳው ሰው አገር ከቀረም ልብሱ ይመጣል፤ ልብሱ ተይዞ ይለቀሳል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አላውቅም ብል ውሸት ነው። እንደዚያ ሆኜ ልጁ ሕያው ሆኖ የሰጠኝን ልብስ ይዤ በክረምት መግባቴ ምን እንደሚመስል ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም። ስለ አፍሮዬ ነበር የማስበው።

እትየ የሻረግ ካፖርቱን ከእጄ ነጠቁና ፊታቸውን ቀበሩበት። ከዚያ የወጣውን ድምፅ አልጽፈውም። "አልሞተም!" ብዬ ጮህኩ። "እትየ፣ በማርያም፣ ዛሬ ነው ያየሁት! ዛሬ ጠዋት!" ጎረቤት ከየበሩ ወጣ። አባትየው አያ ደመላሽ ከእርሻቸው ላይ ጌሳቸውን እንደለበሱ እየሮጡ መጡ፤ ካፖርቱን አይተው በቆሙበት ተቀመጡ። እኔ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጥኩ "ደህና ነው! ሥራ ይዞ ነው!" እላለሁ። ሰዎቹ በሐዘኔታ ያዩኛል። አንዲት አሮጊት ክንዴን ይዘው "እሽ፣ እሽ ልጄ፣ ደህና ነው። አንችም ደክሞሻል፣ አረፍ በይ" ብለው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። ለእኔ ለመርዶ ነጋሪዋ አዝነው ነው። የነፍስ አባታቸውን ቄስ አላምረውን ሳይ ተስፋ አደረግሁና ተነሥቼ መስቀል ተሳለምኩ። "አባ፣ መስቀልዎን ይዤ እምላለሁ፤ ልጁ በሕይወት አለ" አልኳቸው።

"አትማይ ልጄ" አሉኝ። "መርዶ ይዞ የመጣ ሰው አይምልም። እኔም በዚህ አፌ ስንቱን ደህና ነው ብያለሁ።"

ያኔ ከእልሄ ብዛት አለቀስኩ። በእልህም ይሁን በምንም፣ ዕንባ ዕንባ ነው። የእኔን ለቅሶ ሲያዩ የሚጠራጠሩም ካሉ ጥርጣሬያቸው በዚያው አበቃ። እውነት በእጅህ ይዘህ የሚቀበልህ ስታጣ እንደዚያ ነው፤ እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ እውነት ካለኝ ሌላ ነገር የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም ነበር።

በማግስቱ ማለዳ፣ ሞተሩ አድሮ ደርቆ ሲነሣልኝ፣ ራሱን ይርጋን አምጥቼ ፊታቸው ላቆመው ወደ ቡሬ ተመለስኩ። ሌላ ምን ማስረጃ አለ? የመንገድ ሠራተኞቹ ሰፈር ስደርስ ድንኳኑ ተነቅሏል፤ ዝናብ ሳይብስ ብለው ቀድመው ወርደዋል። የኩችን መንገድ ጀመርኩት። ከከተማው ብዙም ሳልርቅ ጭቃ የያዛቸው የጭነት መኪናዎች መንገዱን ዘግተው ቆመዋል፤ ሾፌሮቹ ከመኪናቸው ሥር እሳት አንድደው ይሞቃሉ። "እህቴ፣ በዚህ እንኳን ሞተር ዳክዬም አያልፍ" አሉኝ። ለአንዱ ሾፌር "ይርጋ ደመላሽ የሚባል ልጅ ካገኘህ ዛሬውኑ ቤትህ ሂድ በለው" ብዬ አደራ ሰጠሁት። እሺ አለኝ፤ እሺ የሚል ሰው ሁሉ ያደርሳል ማለት ግን አይደለም። ፍኖተ ሰላም የገባሁት በትኩሳት ነው። ሲሻለኝ ደግሞ ወደ ዝግባ ማርያም ልመለስ ይገባኝ ነበር። አልሄድኩም፤ ፈራሁ። ሰበቡን ዝናቡ ላይ ጣልኩት እንጂ እውነቱ እሱ ነው።

የቀረውን የነገሩኝ ቄስ አላምረው ናቸው። አርባው ከመስቀል ሰሞን ጋር ገጠመ። እትየ የሻረግና አያ ደመላሽ ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱን አርደው የልጃቸውን ተዝካር አወጡ። ይርጋ በዚያው ቀን፣ ምንም ሳይሰማ፣ ለመስቀል ብሎ እናቱን መቀነት፣ አባቱን ባርኔጣ ገዝቶ ሲመጣ ከሩቅ ዳስ አየ። አባቱ የሞቱ መሰለው። "አባባ! አባባዬን!" እያለ አጥሩን አልፎ ገባ። ልጁ ለራሱ ተዝካር እያለቀሰ ደረሰ ማለት ነው። ሰው ሁሉ በአፉ የያዘውን ሳይውጥ ቀረ። እናትየው አልጮኹም አሉ፤ ወደ ቤት ገቡ፣ ካፖርቱን ይዘው ወጡ፣ አለበሱት፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፉለት። ቀዩዋ ላይ ሲደርሱ ነው የወደቁት። በሚቀጥለው ዓመት አያ ደመላሽ አንድ በሬያቸውን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው አረሱ። ማንም ግን አልከፋውም። እኔም ነፍሴ መለስ አለች፤ ይቅርታ የተደረገልኝ መሰለኝ።

ቄስ አላምረው ሌላ ክረምት ላይ መጡ። ስንት ዓመት እንዳለፈ አሁን ልቆጥረው አልችልም፤ ቦላሌው ከፋሽን ወጥቶ ነበር፣ ሞተሬም ቀለሟ ለቆ ነበር። በበቅሎ ከዚያ ድረስ፣ በዚያ ዝናብ፣ መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ሳያቸው ገና ሳይናገሩ ገባኝ። ይርጋ ወደ ሥራው ተመልሶ ከርሞ፣ የተሳፈረበት መኪና አባይ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ፣ ጓደኞቹ እዚያው ቀብረውታል።

"እንደ ደንቡ ጎህ ሲቀድ አረዳናት" አሉኝ። "ሰምታ ስታበቃ ምን አለችን መሰለሽ? 'ባለፈውም በሬዬን አሳረዳችሁኝ። ቁርስ ብሉና ሂዱ' አለችን። ቁርስ አቀረበችልን። ነጠላዋን አላዘቀዘቀችም፣ ዕንባም አልወጣት። ይኸው ወር ሆናት። አልሞተም ትላለች።"

"እኔ ምን ላድርግ አባ?"

"ያኔ እውነቱን የተናገርሽ አንች ብቻ ነሽ። እኛ አላመንንሽም፤ እሷ ግን ካንች አፍ ከወጣ ታምናለች። አልቅሳ ይውጣላት ልጄ፤ ሐዘን ካልወጣ ሰው ይገድላል።"

ሄድኩ። ያን ጊዜ ማንኩሳ ላይ ለእሸትም አልቆምኩ፣ ቡሬም አላደርኩ። መንገዱን ሙሉ አፌን ሳለማምድ ነው የሄድኩት፤ "እትየ፣ ይርጋ ሞቷል" እላለሁ፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ አልሰማውም፣ ደግሜ እላለሁ። ነጭ ሻሽ ነው ያሠርኩት። ሞተሬም ያን ቀን፣ ምነው ጠፍታ በቀረች፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትጠፋ አደረሰችኝ።

ዝናቡ አቁሞ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ካፖርቱ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል። እትየ የሻረግ የሞተሩን ድምፅ ሰምተው እየሮጡ ወጡ፣ አቀፉኝ፣ ከዚያ በፊት አቅፈውኝ አያውቁም። "መጣችልኝ እውነተኛዋ!" አሉ። "ሻጋታ እንዳይበላው ፀሐይ ላሞቀው ብዬ ነው፤ ሲመጣ ይለብሰዋል።" ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ። አያ ደመላሽ ከኋላቸው ቆመዋል፤ ፊታቸው ጠቁሮ፣ ጋቢያቸው ተዘቅዝቆ። እንድናገር በዓይናቸው ይለምኑኛል።

"አገር ሁሉ ሞተ ሲል አልሞተም ብለሽ ያለቀስሽ አንች ነሽ" አሉ እትየ የሻረግ። "ከእንግዲህ የማምነው ያንችን አፍ ነው። አሁንም አንች ንገሪኝ። ልጄ ደህና ነው?"

የተለማመድኩት ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ዓይናቸውን አየሁት። ያ የምላጭ ምላስ የነበራቸው ሴት፣ እንደ ሕፃን አፌን አፌን ያዩኛል።

"ደህና ነው እትየ" አልኳቸው።

አመኑኝ። የመጀመሪያውን ቀን እውነት ስናገር ያላመኑኝ ሴት፣ ስዋሽ ወዲያው አመኑኝ። ተነሥተው ጥቅል ጎመን ሊያበስሉልኝ ገቡ። አያ ደመላሽ ስመለስ እስከ ወንዙ ሸኙኝ። አልተቆጡኝም። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ብቻ "እሷን ይዘሽብኝ ሄድሽ" አሉኝ። "እንግዲህ ልጄን ከማን ጋር ላልቅሰው?" ሞተሬን አስነሥቼ ወንዙን ተሻገርኩ። ሁለቱም አሁን በሕይወት የሉም። እትየ የሻረግ እስከ መጨረሻ ክረምታቸው ድረስ ፀሐይ በወጣች ቁጥር ካፖርቱን ያወጡ እንደነበር ሰምቻለሁ።

ይኸው እንግዲህ የእኔ ተራ ነው። ከሰኞ ጀምሮ የዚያችን አስተማሪ ፊት በሐሳቤ እያገላበጥኩ አነበዋለሁ። ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ የመንገድ ነው? ግቢ ብላት ያልገባችው እናቷ ስለምትጠብቃት ነው ወይስ እህሌን በልታ ፊቴን ማየት ስላቃታት ነው? ወደ እኔ የመጣችው እኔ በመጀመሪያው ክረምት እንደሄድኩት ነው ወይስ በሁለተኛው? ዚፑን አየሁት፤ በእውነትም ተበላሽቷል። ኪሱ ውስጥ የጠመኔ ስባሪ አለ። ደብዳቤ የለም። ደብዳቤ አለመኖሩ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ዛሬ ማን ይጽፋል? ማንን ልጠይቅ? ስልኩን አነሣለሁ፣ ጆሮዬ ላይ አደርገዋለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ዱሮ ቢያንስ ሞተር ነበረኝ። አሁን ጉልበቴ ከበር እስከ አጥር ነው የሚያደርሰኝ።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ዝናቡ ፋታ ሰጠና ፀሐይ ወጣች። ጃኬቱ መሽተት ጀምሮ ነበር። ይሻግታል ብዬ ተነሣሁ፣ ከወንበሩ አነሣሁት፣ ይዤው ወጣሁና አጥሩ ላይ ሰጣሁት። እጅጌውን ሳቃና ነው ምን እያደረግሁ እንደሆነ የታወቀኝ። ላነሣው ስል ጎረቤቴ አስካለ ከአጥሩ ማዶ አንገቷን ብቅ አደረገች። ዳዊትን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ናት።

"የዳዊት አይደለም?" አለችኝ።

"የሱ ነው።"

"ማን አመጣው?"

"አንዲት ልጅ። ከሊበን።"

"እሱስ?"

"ደህና ነው" አልኳት።

አስካለ ጃኬቱን አየች፣ እኔን አየች። በበራፌ ዞራ ስትገባ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጥለቱን ወደ አንገቷ እያዘቀዘቀችው ነበር።

"አስካለ! ደህና ነው እኮ!" ብዬ ጮህኩ።

"እሽ፣ እሽ እትዬ፣ ደህና ነው" አለችና ልታስቀምጠኝ ክንዴን ያዘች።